ሰዓቱን የነካው ሰው

ይርዳው በዚያ ግምገማ ላይ ለምን ዝም አለ? ይህን ጥያቄ ለዓመታት አገላብጨዋለሁ። አንዳንድ ቀን ኩራቱ ነው እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግነቱ ነው እላለሁ። ሆዴ ሲከፋ ደግሞ ራሱን መቅጣት ፈልጎ ነው እላለሁ። የትኛውንም ብዬ ግን ልቤ አላረፈም። መልሱን ሊሰጠኝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞተ።

መሞቱን የነገረችኝ የድሮ መሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ትሁን ናት። በስልክ ነው።

«እታለም፣ ያ የኮምፒውተሩ ልጅ ማረፉን ሰማሽ?»

«የትኛው?» አልኋት፤ ሌላ የኮምፒውተር ልጅ እንደማላውቅ እያወቅሁ።

«ይርዳው ነዋ! ቻግኒ ታሞ ከርሟል አሉ። ጉበቱን። ሬሳው ዛሬ ማንኩሳ ይገባል፤ እናቱ ዘንድ።»

እናቱ የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ አነበው የነበረውን መጽሐፍ ዘጋሁት። የት እንደደረስሁ ምልክት እንኳ አላደረግሁበትም፤ ይህ የእኔ ጠባይ አይደለም።

ይርዳው ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ እኔ የአንድ ትንሽ የዓይን ጤና ፕሮጀክት ጸሐፊ ነበርሁ። የፕሮጀክቱ ሥራ ቀላል ነበር፤ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸውን ሰዎች ከቡሬ፣ ከማንኩሳና ከየገጠሩ መዝግቦ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ ሲመጡ ማስቀደድ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ዕቃ አይወረውርም፤ ስለዚህ የሰው ጽሑፍ ሳይ እጄ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ይርዳው ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ያመጣልኝን ሪፖርት ቀይ በቀይ አድርጌ መለስሁለት።

ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየና፣ «የኔታ፣» አለኝ፤ «አለንጋዎንስ የት ደበቁት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ የኔታ ሆነ።

አጭር፣ ደንዳና፣ ከአፉ የክብሪት እንጨት የማይለይ ሰው ነበር። የኮምፒውተር ሆድ ከመክፈቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አንድ ቀን «ኤሌክትሪኩ እንዳይጎዳው» አለኝ፤ ሌላ ቀን ደግሞ «ሰው ቤት በጫማ አይገባም» አለኝ። የሚያወራው ብዙ ነው። ይፎክራል። ሲከራከሩት ደስ ይለዋል፤ ሲረቱት ግን ያኮርፋል። ትሑት ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ሞቷል ብዬ ትሑት ነበር አልልም።

በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮቻችን በቫይረስ አልቀው ነበር። አንዱ ፍላሽ ከዞን ይዞ የመጣውን ሌላው ተቀብሎ ያደርሰዋል። ይርዳው ባሕር ዳር ካለ ጓደኛው ሊኑክስ የሚባለውን፣ ቫይረስ የማይደፍረውን የኮምፒውተር ሥርዓት በሲዲ አምጥቶ ዊንዶሱን አጠፋና እሱን ጫነ። ማሽኑ ሲከፈት የአንድ ወፍ ሥዕል ይመጣል። ይርዳው ፔንግዊን ነው ቢላትም ትሁን «ዳክዬው» ነበር የምትለው፤ አቧራውንም ከሥዕሉ ላይ ቀስ ብላ ነበር የምትጠርገው።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ እዚህ አቶ ፈንታሁን የምላቸው፣ አልወደዱትም። ሥርዓት አክባሪ፣ ከረባታቸውን በሐምሌ ጭቃ የማይፈቱ ሰው ነበሩ።

«ይህ ሊኑክስ የምትለው የማን ነው?» አሉት።

«የሁሉም ነው ጋሼ። ዊንዶስ የኪራይ ቤት ማለት ነው። ይኼ ግን በደቦ የተሠራ ቤት ነው፤ የዓለም ሰው ተሰብስቦ ነው ያቆመው።»

«በደቦ የተሠራ ቤት ሲያፈስ ማንን ትከሳለህ?»

«ምን ያስከስሰኛል? ራሴ ጣሪያው ላይ እወጣለኋ!»

አቶ ፈንታሁን ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እሱም የልብ ልብ ተሰማውና አንድ ነገር ጨመረ፤ «ሊኑክስ የማይታዘዘው ነገር የለም።» ይህችን ቃል ባይናገራት ኖሮ እያልሁ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ዓመቱ ሲጋመስ ከዞን አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኙን መጡ። ከማሽኑ የታተመ ሪፖርት አንሥተው ከግርጌው ማሽኑ በራሱ የጻፈውን የፈረንጅ ቀን አዩና፣ በሁላችን ፊት፣ «ለመሆኑ እናንተ የማን አገር መሥሪያ ቤት ናችሁ?» አሉ። ሰው ሳቀ። አቶ ፈንታሁን አልሳቁም። እንግዳው እንደሄዱ ይርዳውን አስጠሩት። የእኔ ጠረጴዛ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው፤ በሩም አልተዘጋም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሣጥን በእኛ ዘመን ይቁጠር።»

«ሪፖርቱ ላይ የእኛን ቀን አስገባለሁ ጋሼ፤ ቀላል ነው። የማሽኑን ሰዓት ግን አንንካው።»

«ለምን አንነካውም?»

«ማሽን ከማሽን የሚግባባው በዘመን ነው። የእኛ ዘመን ከነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ሰዓቱን ወደ ኋላ ከመለስነው ኢሜይሉ ይታመምብናል።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የማይታዘዘው የለም ያልኸኝ?»

ይርዳው የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ።

«ወይ እዘዘው፣ ወይ ያን የሚታዘዘውን ዊንዶስ መልስልኝ» አሉት።

ይርዳው ወጥቶ በእኔ በኩል ሲያልፍ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ጫማውን አወለቀ፤ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ቀየረው።

በሳምንቱ ኢሜይሉ መሞት ጀመረ። ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን መልእክት መሳብ ይጀምራል፤ ከዚያ ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይርዳው ጉዳዩን ቀልድ አደረገው። በተዘጋ ቁጥር ጭኑን መትቶ «ኧረ ወንዱ! ደግሞ ሞትህ?» ይላል። እኛም ከየቢሯችን ብቅ እያልን «እግዜር ያጥናህ» እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት ሰላምታችን ራሱ ተለወጠ።

«ኢሜይሉ እንዴት አደረ?»

«ትኩሳቱ ትንሽ ቀንሶለታል፤ እህል ግን አይቀምስም።»

የፕሮግራሙን ማስታወሻዎች ሲያጠፋና እንደ አዲስ ሲጭነው አንድ ቀን ሁለት ቀን ደህና ይሠራል፤ ይልካል፤ ይቀበላል። ከዚያ ይሞታል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ገጽ ከፍቶ ማሽኑ የሚጽፍለትን የስህተት ቃል እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነበዋል። «ስህተቱን ያነበበ ግማሹን ጠገነ» ይል ነበር። ቀልዱ እያደር ቀጠነ። የክብሪት እንጨቱን ማኘክ ጀመረ።

አንድ ቀን ወደ አቶ ፈንታሁን ገባ። በሩ አሁንም ክፍት ነበር።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን እንመልሰው። በሽታው እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«ሳይሆን አይቀርም ነው ወይስ ነው?»

«ብንመልሰው እናየዋለን።»

«የዞኑ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጣሉ። እነሱ ይሂዱና የፈለግኸውን አድርግ። እስከዚያ ሌላ መላ ፈልግ፤ ባለሙያ አይደለህም?»

ሌላ መላ ሲፈልግ የሐኪሞቹ መምጫ ደረሰ።

መልእክቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሕሙማኑ ማንኩሳ ጤና ጣቢያ እንደሚሰበሰቡ፣ ስንት ሰው እንደተዘጋጀ፣ ሐኪሞቹ በተባለው ቀን እንዲደርሱልን። ይርዳው ፕሮግራሙን አዲስ ጭኖት ደህና በነበረበት ሰዓት ላከው። ገጹ ላይ ተልኳል የሚለው ቃል ወጣ። አማተበ። አቶ ፈንታሁን ከበሩ ላይ ሆነው «ሄደ?» አሉ። «ሄደ» አለ ይርዳው። እውነቱን ነበር።

መልስ አልመጣም። እኛን ግን አልደነቀንም፤ መልስ ሲመጣ ነው ፕሮግራሙ የሚሞተው፤ መልሱ እዚያው ታንቆ ቀርቶ ይሆናል አልን። ቀኑም በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። በእኛ አገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነገረ ቃል ተመልሶ አይታጠፍም፤ ሰው ስንቁን ሰንቆ ይነሣል።

በእነዚያ ቀናት ይርዳው ከማሽኑ አልተነሣም። የፕሮግራሙን አዲስ ዓይነት ከኢንተርኔት ሊያወርድ ፈልጎ ነው። የነበረን አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነው፤ ኢንተርኔቱም ስልኩም በሱ ነው። ሞባይል ገና ከተማችን አልገባም ነበር። ሲያወርድ ይቋረጣል፤ እንደገና ይጀምራል። «ሐኪሞቹ ሲመጡ ኢሜይሉ ተነሥቶ ይቀበላቸዋል» ይለኝ ነበር።

ሐኪሞቹ የሚገቡበት ቀን መሽቶ ነጋ፤ አልመጡም። ጠዋት አቶ ፈንታሁን መስመሩን አስለቅቀው አዲስ አበባ እንድደውል አዘዙኝ። ያነሣችው የዋናው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት።

«የት ጠፋችሁ?» አለችኝ ገና ስሜን ስነግራት። «አልጻፋችሁልንም። ስንደውል መስመሩ ሁልጊዜ ተይዟል። ዝግጁ አይደላችሁም ተብሎ ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ወረዳ ተላኩ።»

«ጽፈናል እኮ። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍሁት።»

«ቆይ እስቲ።» ቆየች። «አዎ፣ አለ። ግን ከሁሉም ሥር ነው የተቀመጠው፤ ከአሮጌዎቹ ጋራ። የኔ እህት፣ የተላከበትን ቀን አየሽው? ይህን ደብዳቤ የጻፋችሁት ፕሮጀክቱ ሳይፈጠር ነው።»

የሰማሁትን ጮክ ብዬ ደገምሁት። አቶ ፈንታሁን አልገባቸውም። ይርዳው ግን ወዲያው ገባው። እጁን አናቱ ላይ ጭኖ በቆመበት ወደ ወለሉ ወረደ። ማሽኑ በእኛ ዘመን ስለሚቆጥር የላክነው ሁሉ አዲስ አበባ ሲደርስ የስንት ዓመት አሮጌ ደብዳቤ ሆኖ ከሥር ይቀበር ነበር። መደወል የሚችሉበትን መስመር ደግሞ እሱ ይዞት ከርሟል።

«ሂዱና ለሕዝቡ ንገሩ» አሉ አቶ ፈንታሁን። እሳቸው አልሄዱም። የሰዎቹን ስም የመዘገብሁት እኔ ስለሆንሁ ከይርዳው ጋራ እኔ ሄድሁ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ዋርካ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። መኪናው ሲቆም ሁሉም ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። አንዳንዱ ሐኪሞቹ መጡ ብሎ እልል አለ። ያን እልልታ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ይርዳው ከመኪናው ሳይርቅ ተናገረ። ሐኪሞቹ እንደማይመጡ፣ መልእክት እንዳልደረሳቸው፣ ወደየቤታቸው እንዲመለሱ። ከዚያ አንድ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኛ ጨለማችንን ለምደነው፣ አስተኝተነው ነበር። ለምን ቀሰቀሳችሁብን?»

በዚህ መካከል ከወደ ኋላ አንዲት ሴት ድምፃቸውን አሰሙ።

«ይርዳው? የይርዳው ድምፅ ነው እንዴ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

ዞር ብዬ አየሁት። አላየኝም።

«አይመጡም የምትለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አገኛቸው? መኪናው ተገለበጠባቸው እንዴ የሰው ልጆች?»

«ደህና ናቸው እማ። እኛ ነን የቀረነው።»

እናቱ ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ። ስማቸውን እኔው በራሴ እጅ፣ በመጡበት ተራ መዝግቤዋለሁ፤ የማን እናት እንደሆኑ ግን ማንም አልነገረኝም። በመልሱ ጉዞ «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ብነግርሽ ቀድማ ትጠራለች። ያን ደግሞ እሷ አትወደውም» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ብዙም ሳይቆይ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ብልሁ «ሰዓት ባለማክበር ድክመት አለብኝ» ብሎ ያልፋል። የዞኑ ሰዎች ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አቶ ፈንታሁን ቀድመው ተነሡ። ባለሙያው ከእሳቸው ዕውቅና ውጭ የማሽኑን ሰዓት እንደለወጠ፣ እሳቸውም በቂ ክትትል ባለማድረጋቸው ራሳቸውን እንደሚሂሱ ተናገሩ።

እስክሪብቶዬ ቆመ።

ሰብሳቢው ወደ ይርዳው ዞሩ። «ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ የነካሁት።»

«ማን አዘዘህ?»

ይርዳው አቶ ፈንታሁንን አያቸው። እሳቸው ጠረጴዛውን ነበር የሚያዩት። አንዱ ሳለ።

«ጓድ፣ ጥያቄው ግልጽ ነው። ለምን ነካኸው?»

«ሊኑክስ የማይታዘዘው የለም ብዬ ፎክሬ ስለነበር።»

ይህም እውነት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ይርዳው አንድም ውሸት አልተናገረም፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ያዘዘኝ የለም አላለም። አዘዙኝም አላለም። እኔ ግን ብድግ አልሁ። ሰብሳቢው እጃቸውን አንሥተው «ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አትሰጥም፤ ቁጭ በይ» አሉኝ። በዚያው ቅጽበት ይርዳው ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። ተይ ማለቱ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ግቢው በር ላይ ያዝሁት።

«ነገ ዞን ሄጄ የሰማሁትን እናገራለሁ። አንንካው አልሃቸው፣ እንመልሰው አልሃቸው፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«የኔታ፣ አደራ።»

«ምን አደራ?»

«በእናቴ ይዤሻለሁ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

«ምክንያቱን ንገረኝና ዝም እላለሁ።»

«ምክንያት የሚጠይቅ አደራ፣ አደራ ነው?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአፉ አላለፈም። በእናት የተያዘ አደራ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ይርዳው ከሥራ ተሰናበተ። ዊንዶሱ ተመለሰ፤ ትሁን አንድ ጠዋት መወልወያዋን ይዛ ማሽኑ ፊት ቆማ «ዳክዬውስ?» አለችኝ። ኢሜይሉ ከዚያ በኋላ ሞቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ባልፍ ለማንም ፍትሕ አይሆንም። አቶ ፈንታሁን በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ በየቢሮው ደጅ ጠንተው፣ ሐኪሞቹን በሚቀጥለው በጋ አስመጥተዋል። ከቦታቸው ቢነሡ ኖሮ ያን የሚያደርግ ሰው አልነበረንም። ይርዳው ይህን አስቦ ይሆን? መሪጌታው በዚያ በጋ አዩ፤ ፋሻው ሲነሣላቸው መጀመሪያ የራሳቸውን ጥፍር አይተው ረዝሟል ብለው አፈሩ። ከአምናዎቹ ያልተመለሱም ነበሩ።

ወይዘሮ የሻረግ ተመልሰው መጥተው ነበር። ሐኪሙ በባትሪ እያየ ቆየ። ሞራው ከመጠን በላይ በስሎ በዓይናቸው ውስጥ ግፊት እንደፈጠረ፣ ከጀርባ ያለው ነርቭ እንደተጎዳ፣ ቢቀደዱም ከብርሃንና ከጥላ በቀር እንደማያዩ ነገረኝና ለእሳቸው እንዳስረዳቸው ጠየቀኝ። «ባለፈው ዓመት ቢመጡ ኖሮ» አለ በመጨረሻ።

እሳቸው ሰምተውት ነበር። «ባለፈው ዓመትማ መጥቼ ነበር» አሉ።

ይርዳውን ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡሬ መናኸሪያ። ቻግኒ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፍቶ ነበር። ከስቷል። ክብሪት አፉ ላይ አልነበረም። ማንኩሳ በገበያ ቀን እንደማይገባ ነገረኝ፤ ሰው በጣት እያሳየ «ዓይን ያስቀረው» ይለዋል። ለእናቱ እህል የሚያደርሰው ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው።

«ሰዎቹ ይህን እያሉህ እንኳ ዝም ትላለህ?» አልሁት። «ለምን ይርዳው?»

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ አየኝ።

«እኔም አላውቀውም ብልሽ ታምኝኛለሽ?»

አላመንሁትም። ዛሬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ትሁን የደወለችልኝ ዕለት ማንኩሳ ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ድንኳኑ ከቤቱ ፊት ተጥሏል፤ ወንዶቹ እዚያ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ውስጥ ነን። ወይዘሮ የሻረግ መደብ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከድንኳኑ የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ።

«ነፍስ ይማር፤ ብቻ ያን ዓመት የስንቱን ዓይን አስቀርቶ ሄደ።»

«ተው እንጂ፣ ሬሳ አይወቀስም» አለው ሌላው።

ወይዘሮ የሻረግ እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈልገው ያዙት። «አንቺ ማነሽ?»

«ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ጸሐፊዋ።»

«የኔታ?» አሉ። «እሱ የኔታ የሚልሽ?»

«አዎ።»

«የሚሉትን ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

«እኔ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ይዋሸኛል ብዬ አይደለም። አዎ እኔ ነኝ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ ብዬ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ግን እዚያው ነበርሽ።»

«አደራ አለብኝ እማማ።»

«የማን?»

«የሱ። በእርስዎ ነው የያዘኝ።»

እጄን ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ፣ «በእኔ ከያዘሽ መፍቻውም እኔ ነኝ። ፈትቼሻለሁ። ተናገሪ» አሉኝ።

ነገርኋቸው። አንንካው ማለቱን፣ መታዘዙን፣ እንመልሰው ብሎ መከልከሉን። የሚጎዳውንም አላስቀረሁም፤ ፉከራውን፣ ስልኩን ይዞ መክረሙን ነገርኋቸው። አስተካክዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ስጨርስ እጄን አልለቀቁትም ነበር።

«ያ ያዘዘው ሰውዬ አሁን የት ነው?»

«ጡረታ ወጥተዋል። ፍኖተ ሰላም ናቸው።»

«ልጆች አሉት?»

«አሉ።»

«እንግዲያ ታዝዞ ነው በያቸው እንጂ ስሙን አታንሺ።»

«ለእነማን?»

በትራቸውን ፈልገው አገኙና ተነሡ። «ለእኔማ ነገርሽኝ፤ እኔ ልጄን ከስሼው አላውቅም። አሁን ለከሰሱት ትነግሪያቸዋለሽ። ነይ፣ ምሪኝ።»

በሕይወቴ ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፤ ሌላው የሚናገረውን ስጽፍ ነው የኖርሁት። ድንኳኑ ደጃፍ ስንደርስ ወንዶቹ እናቲቱን አይተው በአንድነት ብድግ አሉ። ወይዘሮ የሻረግ በእጃቸው ዝቅ በሉ አሏቸውና፣ «ይህች ልጅ ስለ ይርዳው የምትነግራችሁ አላት» ብለው ከጎኔ ቆሙ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን አየሁ፤ አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ከዋርካው ሥር ነበሩ።

«ይርዳው ሰዓቱን ከመንካቱ በፊት አንንካው ብሎ ነበር» አልሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው ልጄ፤ ወደዚህ አልሰማንም።»

ከፍ አደረግሁት።